የቁልፎቹ መጠን

ከጡረታ በኋላ በየዓመቱ በሚታደስ ውል በጅማ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የቡና ምርምር ጣቢያ እሠራ በነበረበት ዘመን፣ የዓይኔን መድከም ከሰው ሁሉ ደብቄ ነበር። ሐኪም ዘንድ ያልሄድኩት ቁርጡን ላለማወቅ ነው። ውሌ የሚታደሰው ኃላፊው «ሥራውን ይችላሉ» ብሎ ሲፈርም ብቻ ነበርና።

በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረኝ ግራፍን በሚሊሜትር ወረቀት ላይ በሾለ እርሳስ መሣልን ነው። ኮምፒዩተር ሲገባልን ግን ይህን ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም አብሮ መጣ። በመስኮቱ አናት ላይ ቁልፎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ሥዕሉን ያጎላል፣ አንዱ ወደ ጎን ይገፋል፣ አንዱ ያስቀምጣል። እያንዳንዳቸው ከምስር ፍሬ አይበልጡም። ለእኔ ሁሉም ግራጫ ነጠብጣቦች ነበሩ።

አንድ ቀን የፕሮግራሙን ምርጫዎች ስፈትሽ የቁልፎቹን መጠን ትንሽ፣ መካከለኛ ወይም ትልቅ ማድረግ እንደሚቻል አገኘሁ። ትልቁን መረጥኩ። እፎይታዬ ግን እስከ ምሳ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ኮምፒዩተሩ የጋራ ነበርና የደዶ ወረዳ ተወላጅ የሆነችው ባልደረባዬ፣ የቡና በሽታ ተመራማሪዋ፣ ገና ስታየው ሳቀች።

«ይሄ ደግሞ የማን ሱቅ ታፔላ ነው?»

ወዲያው ወደ ትንሹ መለስኳቸው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከሰው ቀድሜ እየገባሁ ቁልፎቹን አሳድግ፣ ሥራዬን ስጨርስ ወደ ትንሹ እመልሳቸው ጀመር። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እጄ ወደ ማውሱ ይሮጥ ነበር።

ውሌ ሊታደስ ሲቃረብ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡ። የደዶንና የሰኮሩን ወረዳዎች ዝናብ ከቡና ፍሬ በሽታ ጋር እያነጻጸርኩ፣ ግራፉን በስክሪኑ ላይ እየከፈትኩ እንዳስረዳ ኃላፊው አዘዘኝ። በማለዳ ገብቼ ሁሉን አሰናዳሁ፤ ቁልፎቹንም አሳደግሁ። እንግዶቹ ግቢ ሲደርሱ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ኮምፒዩተሩን ስከፍተው ቁልፎቹ እንደገና ትንንሽ ሆነዋል። ፕሮግራሙ የተመረጠለትን መጠን የሚይዘው በወጉ ሲዘጋ ብቻ ኖሯል።

እንግዶቹ ከኋላዬ ቆመዋል። መጠኑን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን በእነርሱ ፊት ያን ማድረግ «አላይም» ብሎ መጮህ መሰለኝ። ስለዚህ የማጉያው ቁልፍ ትልቅ ሳለ በነበረበት ቦታ በግምት ተጫንኩ። የደዶ መስመር ከስክሪኑ ወጥቶ ጠፋ።

«ደዶ ዘንድሮ ዝናብ የለም እንዴ?» አለ አንዱ እንግዳ። ሳቁ።

እንደገና ተጫንኩ፤ ያልጠራሁት መስኮት ተከፈተ።

«ጋሼ፣ ምነው?» አለ ኃላፊው።

ባልደረባዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ማሎ ጋሼ፣ እባክዎ፣ ቁልፎቹን ያሳድጓቸው እንጂ። ጠዋት ጠዋት እንደሚያደርጉት።»

በሹክሹክታ ነበር ያለችው፤ ክፍሉ ግን ጠባብ ስለሆነ ያልሰማ አልነበረም። ለካስ ታውቅ ኖሯል። የማደርገው ቢጠፋኝ ምርጫውን ከፍቼ፣ ሁሉም እያዩ፣ ትልቁን መረጥኩ። የደዶንም የሰኮሩንም መስመር መለስኩ፤ በሽታው ከዝናቡ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚከተል አስረዳሁ። ጥያቄ ጠየቁኝ፣ መለስኩ። ስለ ቁልፎቹ ማንም ቃል አልተነፈሰም።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ኃላፊው ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ዓይንዎን ከጀመርዎት ቆየ?»

«ሁለት ክረምት።»

«ማብራሪያዎ እንከን አልነበረውም። ውሉን ግን ዛሬ አልፈርምም። መጀመሪያ ዓይንዎን ያሳዩ።»

«ሐኪሙ አይሆንም ቢለኝስ?»

«ያኔ እንነጋገራለን።»

የፈለግሁት ቃል ኪዳን ነበር፤ አልሰጠኝም።

በማግሥቱ ሐኪሙ ሁለቱንም ዓይኖቼን በመብራት መረመረ። የዓይን ሞራ ነው አለ። «ቀኙ በቀዶ ሕክምና ይመለሳል። ስለ ግራው ግን ቃል አልገባልዎትም።»

«በአንድ ዓይን ግራፍ ይነበባል?»

«እሱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት» አለኝ።

ሥራዬን በቀኝ ዓይኔ ላይ ጥዬ ተስማማሁ። ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ስገባ ግን ሐኪሙን «ቀኙ ነው አይደል?» ብዬ እንደገና ጠየቅሁት።