ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒውተር

ዛሬ ጠዋት የቢሮዬ አሮጌ ኮምፒውተር ባትሪው ሞቶ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ቀንና ሰዓት እንድሞላለት ሲጠይቀኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

እናቴ ፈረስ መጋላ አደባባይ አጠገብ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። የእሷም ኮምፒውተር በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የቀን መሙያውን ትእዛዝ ጽፋ በእኛው አቆጣጠር ታስታውሰዋለች፤ ደብዳቤው ሁሉ የሚወጣው በዚያ ነዋ። ጳጉሜ ሦስት ቀን ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ቢሮ ይዛኝ ሄደች።

"ዛሬ ልደትሽ ነው፤ ቀኑን ራስሽ ንገሪው" ብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችኝ።

ቀጭ ቀጭ የሚሉትን ቁልፎች በአንድ ጣቴ እየፈለግሁ ቀኑን ሦስት፣ ወሩን ዐሥራ ሦስት አልኩት። ማሽኑ አንድ መስመር በእንግሊዝኛ ጻፈ።

"ምን አለ?"

"እንዲህ ያለ ቀን የለም ይላል" አለች እናቴ ሳቋን አፍና።

"ታዲያ እኔ አልተወለድኩም?" ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅሁት።

የመሥሪያ ቤቱ ሽማግሌ ተላላኪ አው ዩስፍ ሮጠው ገቡ። ጉዳዩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን አፍጥጠው አዩት።

"ረመዳንስ እዚህ ውስጥ አለ?" ብለው እናቴን ጠየቋት።

"የለም፣ አው ዩስፍ።"

"በይ ዝም በይ ልጄ። ወላሂ፣ እሱም ማንም ሳይሞላው ነው በየዓመቱ የሚመጣው" አሉና ከኪሳቸው ሐልዋ አወጡልኝ።

ዝም ያልኩት ለሐልዋው ነበር፤ ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ዛሬም መጀመሪያ የሞላሁት ጳጉሜ ሦስትን ነው። እንቢ አለኝ። ለእናቴ ደውዬ ስነግራት፣

"እስካሁን አልተማረም?" አለችኝ።