ማን ከፈለህ?

ያሰሩን የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። የደባርቅ ጣቢያ ስለሞላ ትርፎቹን ወደዚያ ወሰዱን። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የማዳበሪያ፣ የአይጥ፣ ጥግ ላይ ከተቀመጠው ባልዲ የሚነሳው የብዙ ሰው ሽንት። አፍንጫዬን ልይዝ እጄን አነሳሁና ተውኩት። ውስጥ ያሉት ሰዎች እያዩኝ ነበር። ሽታው የእነሱ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ የእኔም ይሆናል።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዘመን ነው። ጥፋቴ ሚኒባስ ውስጥ ገቢና መቀመጤ ነበር። ከደባርቅ ወደ ጎንደር ስንሄድ ዳባት ላይ ተኩስ ነበረ። ሹፌሩ መንገድ ዳር የወደቁ ሁለት ገበሬዎች አየና ቆመ። ተሳፋሪውን አጠጋግቶ ቁስለኞቹን የኋላ ወንበር ላይ አጋደማቸው፤ ጎንደር ሆስፒታልም አደረሳቸው። ሳንቲም አልተቀበለም። በማግስቱ አብሬው ስመለስ ኬላ ላይ ሁለታችንንም አወረዱን።

መርማሪው ወጣት ነው። ሽቶው ከመጋዘኑ ሽታ ጋር ተደባልቋል። ጠረጴዛው ላይ የተቀቀለ እንቁላል ይልጣል፤ ቅርፊቱን ወለሉ ላይ ይጥለዋል።

«ፍሪ ሁን፣ መምህር» አለኝ፣ አፉ እንደሞላ። በዕድሜ ብዙ እበልጠው ነበር፤ አንቱታውን ከጫማዬ ማሰሪያ ጋር በር ላይ ነው የወሰዱብኝ።

እንግሊዝኛ አስተምር ስለነበር ይህችን ቃል አውቃታለሁ። ተማሪዎቼን መዝገበ ቃላት አስገልብጬ ፍቺዎቿን በቃላቸው አስይዤአቸዋለሁ። ከተማው ግን እኔን ሳያማክር የራሱን ሰጥቷታል። ሥራ የሌለው ሰው ፍሪ ነው። ሁለት ሳሙና ለገዛ ሦስተኛው ፍሪ ነው። ከወንድ ጋር ስቃ የምታወራን ሴት «ፍሪ ናት» ይሏታል፤ ማመስገናቸው አይደለም። ሹፌር ማርሹን አውጥቶ መኪናውን ቁልቁለት ሲለቅ በፍሪ ወረደ ይባላል። አዲሱ ፍቺ ይኸ የምርመራ ቤቱ ነበር፤ ተዝናና፣ ወዳጅህን ሽጥ። ከእንቁላሉ አስኳል ጋር ተለውሶ ነው የወጣው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስድብ ጠግቤአለሁ፤ እንደዚያች ቃል ያቅለሸለሸኝ ግን የለም።

«ሹፌሩን ማን ከፈለው?»

«ማንም።»

«ሁለት ሰው፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ በዚህ የነዳጅ ዋጋ፣ በፍሪ?»

«በነጻ።»

«ከውጭ ገንዘብ ተልኮለታል። እሱን አንድ ዐረፍተ ነገር ተናገርና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ። እሱ የራሱን ይወጣ።»

ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነበር። ሹፌሩን በሽብር አስከስሶ ጎልማሳነቱን ሁሉ ሊበላ ይበቃል። በምላሴ ላይ አንዴ አስቀምጬ ቀመስኩት፤ ከባልዲው የባሰ ነበር።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ ሹፌሩ ጀርባው ላይ ተጋድሟል። ውስጥ እግሩን ገርፈውት ጫማ ቀርቶ ካልሲ አያስገባም። ራስጌው የኔታ ተቀምጠዋል፤ ተማሪዎችህን ሰልፍ ሰደሃል ተብለው የገቡ የቅኔ መምህር ናቸው።

«ምን አሉዎ መምህር?» አለኝ ሹፌሩ።

«ፍሪ ሁን አሉኝ።»

ሳቀና የተሰነጠቀ ከንፈሩ ደማ። «እኔንም እንደዚያ ብለው ነው የጀመሩኝ። የሊማሊሞን ቁልቁለት በፍሪ መውረድ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል።»

«ዝም ብለህ ተኛ» አሉት የኔታ።

«ተኝቼ እኮ ነው የኔታ። መቆሙ ነው ያቃተኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ቀነሰ። «ከደከመዎ ከፍለውታል ይበሉ። እርስዎ ልጆች አለዎ።»

«አንተስ?»

«እኔ ሚኒባስ አለኝ።»

በማግስቱ ጠዋት እንደገና ተጠራሁ፤ እንደገናም ማንም አልከፈለውም አልኩ። መርማሪው እጁን በመሐረብ ጠረገ። «እንግዲያው እሱ ዛሬ ጎንደር እስር ቤት ይሄዳል። አንተ እዚህ ትበሰብሳለህ።»

ሹፌሩን ለመውሰድ ሲመጡ መቆም አልቻለም። የኔታ ከነጠላቸው በላይ የደረቡትን ጋቢ አወለቁ። ጆንያ ይደረደርበት ከነበረው ርብራብ ሁለት አግዳሚ ነቅለን፣ ጋቢውን አስረን ቃሬዛ አበጀን። የኔታና እኔ ከፊት፣ ሌሎች ሁለት እስረኞች ከኋላ ሆነን ተሸከምነው። የኔታ ከእኔ ያጥሩ ስለነበር ቃሬዛው ወደ እሳቸው ያዘነብላል። መኪናው ከግቢው በር ውጭ ነበር የቆመው።

በእኛ አገር ቃሬዛ መንገድ ላይ ያገኘ ሰው አያልፍም። መኪና ከማይደርስበት ከጊች ዳገት የተነሳ በሽተኛ ደባርቅ የሚደርሰው ከማያውቀው ትከሻ ወደ ማያውቀው ትከሻ እየተላለፈ ነው። ተሸካሚው የማን ዘመድ ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ትንሽ ተሸክሞ ለሚቀጥለው ሰጥቶ ወደ ጉዳዩ ይመለሳል።

ግቢው መካከል ስንደርስ አንድ በርሜል አጠገብ የቆመ ዘብ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረና የኔታን ጠጋ አላቸው።

«ይልቀቁ አባ። እኔ ልያዝ።»

ትከሻውን ከሥር አስገባ። ሌላ ዘብ ከበሩ መጣና «በቃህ፣ አምጣ» ብሎ የእኔን ወሰደ። ያዘዛቸው የለም፤ እርስ በርስም አልተያዩም። ይህን ለማሳመር አልፈልግም። ከሁለቱ አንዱ ሹፌሩን የገረፈው ሰው ነው። ያን ዕለት ማታም ሌላ ሰው ገርፏል፤ ቃሬዛ መሸከሙ ደግ አላደረገውም። ግን ተሸከመ።

መርማሪው ከቢሮው ደረጃ ላይ ብቅ አለ። «ማን አዘዛችሁ?»

ተሸካሚዎቹ መራመዳቸውን ቀጠሉ። መንገዱ በእሱ በኩል ነበር። ባዶ ትከሻቸውን በነጠላቸው የሸፈኑት የኔታ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ ሰው ተሸክመዋል። ወይ ያዝ፣ ወይ መንገድ ልቀቅ።»

መርማሪው ስልኩን አውጥቶ እያየ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ቃሬዛው ሲያልፍ ሹፌሩ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ፍሪ ይሁኑ አለቃ፤ ሒሳብ የለውም።»

አንደኛው ዘብ ሳቁን ለመደበቅ አፉን በትከሻው ሸፈነ። መኪናው ውስጥ ሲያስገቡት ግን እንደ ዕቃ አልወረወሩትም፤ እግሩን ደግፈው አስቀመጡት።

ሹፌሩን ጎንደር ላይ ለወራት ካቆዩት በኋላ ክስ ሳይመሠርቱ ለቀቁት። ያችን ዐረፍተ ነገር የሚናገርላቸው ሰው አላገኙም። እኔ ከእሱ በፊት ነበር የወጣሁት። መርማሪው ዛሬ በየሆቴሉ የሰላም ሥልጠና ይሰጣል። አንዴ ተጋብዤ ገብቼ፣ ከመድረኩ ሲስቅ አይቼ፣ የሻይ ዕረፍት ሳይደርስ ወጣሁ። ይቅር ባይ እንድሆን የሚመክሩኝ አሉ፤ ሆዴ እሺ ሲለኝ አስብበታለሁ።

ከግርፋቱ ወዲህ የሹፌሩ ግራ እግር የፍሪሲዮን ፔዳል አይረግጥም። ሚኒባሱን ሸጦ ዳባት ላይ ትንሽ የመለዋወጫ ሱቅ ከፍቷል። ጎንደር ስሄድ እወርድና እጠይቀዋለሁ። ስለ ነዳጅ እናወራለን፤ ስለ መጋዘኑ አናወራም። ስነሳ ምርኩዙን ይፈልጋል።

«ተቀመጥ እንጂ» እለዋለሁ ሁልጊዜ።

«እንግዳ ቁጭ ተብሎ ይሸኛል እንዴ መምህር?»

አስፋልቱ ድረስ ይመጣል። እኔም ርምጃዬን አሳጥሬ ከጎኑ እሄዳለሁ።