ሰባት ክር በአንድ ልቦለድ

ባለፈው ሳምንት ዶርም አብራኝ የምትኖር ልጅ ጉንፋን ይዟት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ ቆየችና በዚያው እጇ የእኔን ሃንድአውት አንሥታ ገለበጠችው። መልሳ ስትሰጠኝ ለማጥናት ወደ ፊቴ አስጠጋሁት፤ ግን አንድም መስመር አላነበብኩም። የነጭ ሽንኩርት ሽታ ያለው ወረቀት ለእኔ መጽሐፍ ማለት ነው። ወደ ዩኒቨርሲቲ እስክመጣ ድረስ በእጄ የገባ ልቦለድ ሁሉ እንደዚያ ይሸት ነበር፤ ከእኔ በፊት እናቴ ታነበው ነበርና።

ቤታችን ደባርቅ ነው፤ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ የቆርቆሮውን ጣሪያ በሚያነጣበት ሰፈር። አባቴ ከደባርቅ ጎንደር ሚኒባስ ስለሚነዳ ቀኑን መንገድ ላይ ነው የሚውለው፤ ቤቱ ያለው በእማዬ እጅ ነው። አራት ልጆች፣ አንድ ተናካሽ አውራ ዶሮ፣ አንዲት ላምና በጓሮ ያለው የነጭ ሽንኩርት መደብ ሁሉም እሷን ይጠብቃሉ። ላሟን አልባ፣ እኛን ቁርስ አብልታ ወደ ትምህርት ቤት ከሸኘች በኋላ ገብሱን ትቆላለች፤ ሽንኩርቱን አፈሩን አራግፋ፣ ፀጉሩን ቆርጣ፣ ለዘር የሚሆነውን ከሚሸጠው ትለያለች። በዚህ ሁሉ መካከል ግን በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳይዘለል፣ ታነባለች። ያነበበች ቀን ፊቷ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ሳታነብ ልትውል የቀረበች ቀን ግን የድስቱ ክዳን አከዳደን እንኳ ይለወጥ ስለነበር እኛ ልጆቹ ቀድመን እናውቃለን፤ ቀስ ብለንም ከአጠገቧ እንርቃለን።

እማዬ የተማረችው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ንባብን ግን ያስተማራት ትምህርት ቤት አይደለም፤ ዳባት አካባቢ ባለች የገጠር ደብር ያገለግሉ የነበሩት አባቷ ቄሱ አያቴ ናቸው። አያቴ በየዕለቱ ዳዊት ይደግሙ ነበር፤ የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ፣ እንዲህ እያሉ ሳምንቱን ጨርሰው እንደገና ከሰኞ ይጀምራሉ። የየቀኑ ድርሻ የሚጀምርበት ቅጠል እንዳይጠፋባቸው በብራናው ጠርዝ ላይ ባለ ቀለም ክር ተሰፍቶበታል። እማዬ ትንሽ ልጅ ሳለች ሥራዋ ክሩን ይዛ የቀኑን ገጽ መክፈት ነበር። ከዚያ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ጣታቸውን በዓይኗ እየተከተለች ፊደሉን ለየች። መጽሐፍ እንዴት እንደሚነበብ ያየችው ከእሳቸው ነው፤ ሌላ አነባበብ መኖሩን የነገራት አልነበረም።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ካርድ ተሰጠኝ። ካርዱን ያገኘሁ ዕለት ልቦለድ ተውሼ መጣሁ፤ አንዲት ከአገሯ ርቃ የተዳረች ልጅ ታሪክ ነው፤ ቀጭን፣ ልባሱ የተገነጠለ። ጠረጴዛ ላይ ትቼው ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ እማዬ ሽንኩርት የሚያጸዱ እጆቿን በቀሚሷ እየጠረገች ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሳለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርዱ የእኔ፣ መጽሐፉ የእሷ ሆነ።

በሰፈራችን የቦኖ ውሃ የሚመጣው ረቡዕ ረቡዕ ነው፤ ወረፋውም እስከ ወፍጮ ቤቱ ይደርሳል። ሌሎቹ ሴቶች ጀሪካናቸውን አሰልፈው ሲያወሩ እማዬ ጀሪካኗ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ለፀሐዩ ወደ ግንባሯ ስባ ታነባለች። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ይህን ሲያዩ ዝም ማለት አይሆንላቸውም።

«የሺ፣ ወረፋሽ ደርሷል፤ ወይስ ገጹን እስክትጨርሺ ቧንቧው ይጠብቅሽ?»

«ይጠብቅ፣ እሱ ምን ሥራ አለው» ትላለች እማዬ ዓይኗን ሳታነሣ።

ጥቂት ቆይተው ግን እትዬ ብርቄ እራሳቸው ጀሪካናቸውን ገፋ ገፋ እያደረጉ ይጠጉና፣ «ኧረ ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች? አማቷ አሁንም ያው ናት?» ይላሉ። እማዬም እስከዚያ ቀን ያነበበችውን ትነግራቸዋለች፤ የነገውን ግን አትነግርም። «የነገው የነገ ነው» ትላቸዋለች። እትዬ ብርቄም አማቲቱን በጎንደር ሴት እርግማን ረግመው ውሃቸውን ተሸክመው ይሄዳሉ።

መጽሐፉን መመለስ የነበረብኝ በሳምንቱ ነው። በሳምንቱ እማዬ ጨርሳዋለች፤ እኔም ልወስደው ስል እንደገና ከፍታ ይዛዋለች። «ሰኞ እኮ ነው» አለችኝ፣ የማይረባ ጥያቄ እንደጠየቅኋት ሁሉ። ስለዚህ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ጋሽ ደምሌ ዘንድ እየሄድኩ፣ «ገና አልጨረስኩም» ብዬ ማራዘም ጀመርኩ። እኔ መምህራን እንዲወዱኝ የምፈልግ፣ ደብተሬን በማስመሪያ የማሰምር ልጅ ነበርኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀጭን ልቦለድ መጨረስ ያቃታት ተማሪ ሆኜ መታየቴ ያንገበግበኝ ነበር። በሰባተኛው ሳምንት ጋሽ ደምሌ ትዕግሥታቸው አለቀና መጽሐፉን በማግስቱ እንዳመጣ አዘዙኝ።

አመጣሁት። መነጽራቸውን አውርደው ሲከፍቱት ከገጾቹ ጠርዝ ላይ ቀይ ክር ብቅ አለ። ገለበጡ፤ ቢጫ። ገለበጡ፤ አረንጓዴ። እማዬ ከጥልፍ ክሯ እየቆረጠች፣ በመርፌ የገጹን ዳር እየበሳች፣ እንደ አያቴ ብራና ሰፍታዋለች። ሰባት ክር ነበር።

«ይህን ማን ሰፋው?» አሉኝ።

እውነቱን ብናገር ካርዱን ይቀሙኛል፣ እማዬም መጽሐፍ የምታገኝበት ሌላ በር የላትም ብዬ አሰብኩ። ይህን ያሰብኩት ግን በኋላ ይመስለኛል፤ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። «እናቴ ናት፤ ማንበብ ስለማትችል ምን እንደሆነ አላወቀችም» አልኩ።

«እንግዲያው እናትሽን ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

በማግስቱ እማዬ ሥራዋን ጥላ፣ ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። ጋሽ ደምሌ ወንበር ሰጧትና የተናገርኩትን ምንም ሳይቀንሱ ነገሯት። «ልጅዎ ማንበብ እንደማይችሉ ነግራኛለች» አሉ። እኔ የመስኮቱን ፍርግርግ እቆጥር ጀመር።

እማዬ አየችኝ፤ ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች። «እስከ ትናንት እችል ነበር እንግዲህ» አለች።

ጋሽ ደምሌ ሳል ያዛቸው፤ ሳል ይሁን ሳቅ አልለየሁም። ከዚያ ክሩን ያደረገችው ለምን እንደሆነ ጠየቋት። እሷም ስለ አያቴ ነገረቻቸው። «አባቴ የቀኑን ሳይደግሙ እህል አይቀምሱም ነበር። እኔም ለየቀኑ ካልመደብኩት ሥራው ይውጠኛል፤ ዛሬ ነገ ስል ዓመት ይሆናል» አለች።

«እሺ፣ ስድስት ሳምንትስ ለምን?»

«እንዴ፣ ጋሼ፣ ዳዊትን አንዴ አንብበው ጨረስኩ ይላሉ?»

ጋሽ ደምሌ መጽሐፉን ወደ ብርሃኑ አዙረው ከክር እስከ ክር ያለውን በጣታቸው ይለኩ ጀመር፤ ልክ ነጋዴ ጨርቅ እንደሚለካ። «ይህ ሁለት ቅጠል ብቻ ነው» አሉ።

«ቅዳሜ ነው፤ ገበያ እወጣለሁ።»

«ይህም ቀጭን ነው።»

«ሰኞ። ልብስ አጥባለሁ።»

«ይህ ወፍራሙስ?»

«እሑድ። ከቅዳሴ መልስ ቁጭ የምልበት ነው።»

«ረቡዕም ወፍራም ነው።»

«ረቡዕ ውሃ ይመጣል» አለች እማዬ። «ወረፋው ረጅም ነው።»

ጋሽ ደምሌ መጽሐፉን ዘጉት። ከዚያ ተነሥተው ወደ መደርደሪያው ሄዱና ሁለት ልቦለድ ይዘው ተመለሱ። ክሩ ሲወጣ ወረቀቱን ስለሚቀድ ይቆይ፤ ከእንግዲህ ግን መርፌ መጽሐፍ እንዳይነካ አሉ። እማዬም በስንደዶ ምልክት እንደምታደርግ ቃል ገባች። ካርዱ በእኔ ስም እንዲቀጥል ተስማሙ። እኔ እዚያ መኖሬን ሁለቱም የረሱት ይመስል ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ አስፋልቱ ጋ መኪና እስኪያልፍ ስንቆም ነው የተናገረችው። «ሌላ ጊዜ እኔን ስትደብቂ መጀመሪያ ጠይቂኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አንሥታ አታውቅም።

አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ስንደዶውን በልኩ እየቆረጠች ሰባት ቦታ ታስገባለች፤ ሽንኩርት የሚነቀልበት ወር ሲሆን ድርሻዎቹ ይሳሳሉ፤ ክረምት ሲገባና ጭጋጉ ከስሜን ተራሮች ወርዶ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲውል ይወፍራሉ። ታናሽ ወንድሜ ታሞ ጤና ጣቢያ በተኛ ጊዜ እንኳ መጽሐፉ በምሳ ዕቃው ከረጢት ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ ተራ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ እናቶች ሁሉ እንደዚያ የሚኖሩ ይመስለኝ ነበር። አሁን ባለሦስት ፎቅ ቤተ መጻሕፍት አጠገብ እኖራለሁ፤ ላም የማልብ፣ ልጅ የማለብስ አይደለሁም፤ ሆኖም ለፈተና ካልሆነ በቀር ሁለት ቀን አከታትዬ ያነበብኩበትን ሳምንት አላስታውስም። የቅዳሜ ያህል እንኳ፣ ሁለት ቅጠል፣ ስልኬ አያስነብበኝም። እሷ ጊዜ ነበራት ማለት አይደለም። ቀኑን ቀድማው ተነሥታ፣ ከእያንዳንዱ ሥራ ላይ ጥቂት ጥቂት ቆንጥራ የሠራችው ነገር ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመልቀቂያ ክሊራንስ የሚሞላበት ጊዜ ሲደርስ ጋሽ ደምሌ ጡረታ ወጥተው በቦታቸው አንዲት ወጣት ኃላፊ ተመድባ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ተነሥቼ፣ «እማዬ፣ መጽሐፉን፣ ዛሬ ካርዱም ይመለሳል» አልኳት። ከመሶቡ ላይ አንሥታ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችኝ። «ውሰጂው፤ ያንቺ ጉዳይ እንዳይሰናከል» ነው ያለችው። እኔም ይዤ ሮጥኩ። ኃላፊዋ መጽሐፉን ስታገላብጥ ስንደዶው እየወጣ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። እማዬ አንብባ የደረሰችበትን ቀን በጎኑ አንድ ተጨማሪ ስንደዶ እያስገባች ነበር የምታውቀው፤ ሁለቱ አብረው የወደቁት ከሐሙስ ላይ ነው። ኃላፊዋ ሁሉንም በእጇ ጠርጋ መሬት ጣለችና ማኅተሟን አነሣች። እኔም አየሁ፤ ማኅተሙ ሲያርፍ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ዛሬ ስደውል የምታነበው ከእኔ የምትከተለውን የታናሽ እህቴን የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ነው። ስለ አፈር ዓይነቶች ነው፣ ጥሩ ነው፣ ትለኛለች፤ እሱንም ለሰባት ቀን ደልድላዋለች። እህቴ ካርድ የሚሰጥበት ክፍል እስክትደርስ ስድስት ዓመት ይቀራታል። እትዬ ብርቄ በውሃው ወረፋ ላይ ያን ጊዜ የመለስኩትን መጽሐፍ መጨረሻ ጠይቀዋት ሌላ ወሬ እንዳመጣችባቸው ነግራኛለች፤ እየሳቀች ነው የነገረችኝ።

ክሊራንሱ ላይ ስድስት ፊርማ ነበረበት። የስፖርት ክፍሉ፣ ቤተ ሙከራው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ሁሉም ከእኔ የሚፈልጉት ነገር እንደሌለ ፈርመዋል። ለመሙላትም የተሰጠን ጊዜ ሁለት ሳምንት ነበር። እሷ ከዓርብ እስከ እሑድ ሦስት ቀን ብቻ ነበር የቀራት። እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን፣ በሩ ሳይከፈት፣ ከሰልፉ ፊት ቆሜ ነበር።