መቶ አርባ አራት ሺህ ለሰባት ሲካፈል

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አማን ከተማ ውስጥ፣ ለቤት ጸሎት የተሰበሰብነው እነዚህ ነን፦ የቤቱ ጌታና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የሆኑት ጋሼ፤ ባለቤታቸው እትዬ፤ ትልቋ ልጃቸው፤ ከቴፒ የመጡት የእትዬ ወንድም፤ ልብስ ሰፊው ጓደኛዬ፤ እኔ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ልጅቷን እንዲጠይቁልኝ ሽማግሌ ልልክ ነበር። እሷም ታውቃለች፤ ቤቱም ሰምቷል።

የዕለቱ ንባብ ከዮሐንስ ራእይ፣ በእግዚአብሔር ማኅተም ስለታተሙት መቶ አርባ አራት ሺህ ሰዎች ነበር። ጋሼ ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ቁጥር ትወዳለህ ይሉኛል። እስቲ ስለዚህኛው የምታውቀውን ንገረን።»

ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ሒሳብ ከቡና ማድረቂያው ሥራ ስመለስ ብቻዬን፣ ከአሮጌ መጽሐፍ የለቀምኩት ነው። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ደስ አለኝ።

ዐሥራ ሁለት በዐሥራ ሁለት፣ እሱ ደግሞ በሺህ ሲባዛ መሆኑን ተናገርኩ። እስከ መጨረሻው ሲበተን ሁለት፣ ሦስትና አምስት ብቻ ይገኙበታል፦ ሁለት ሰባት ጊዜ፣ ሦስት ሁለት ጊዜ፣ አምስት ሦስት ጊዜ ተባዝተው።

«ከአንድ እስከ አሥር ላሉት ሁሉ ያለ ትርፍ ይካፈላል» አልኩ። «ለሰባት ብቻ አይካፈልም።»

እትዬ ቀና አሉ። «ለሰባት? ለቅዱሱ ቁጥር?»

«አይካፈልም፣ እትዬ። ሦስት ይተርፋል።»

የቴፒው አጎት ሳቁ። «ሦስቱ እኛ ቴፒዎች ሳንሆን አንቀርም! በዚህ ጭቃ ማን በሰዓቱ ይደርሳል?»

ጋሼ አልሳቁም። «ሰባት የእግዚአብሔር ቁጥር ነው። እሱ ያተማቸው ላይ አይሠራም ነው የምትለው?»

«ኧረ ጋሼ!» ጓደኛዬ ጣልቃ ገባ። «ሁለት ሰባት ጊዜ ተባዛ አላለም እንዴ? ይኸው፣ ሰባት ውስጡ አለ!» በክርኑ ጎሸመኝ።

የጋሼ ፊት ፈታ አለ። ከእኔ የሚጠበቀው «አዎ» ብቻ ነበር።

«እሱ ሌላ ነው» አልኩ። «ሰባት የሁለቶቹ ብዛት ነው እንጂ አካፋይ አይደለም።»

ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም። ጋሼ ጸሎቱን አሳጥረው ዘጉት።

ዓርብ ዕለት ጓደኛዬ መልእክት ይዞ መጣ፤ ሽማግሌዎቹ እንዳይደክሙ ተባለ። ጋሼ ለሱ ያሉትንም አልደበቀኝም፦ «በጌታ ቁጥር ላይ ትርፍ ፈልጎ ያገኘ፣ በልጄማ ላይ ስንት ጉድለት ያገኛል?»

ጌጫ ከተማ ላለ ነጋዴ ዳሯት። እሱ ሲጠየቅ አሜን ይላል አሉ።

ቁጥሩ ዛሬም ለሰባት አይካፈልም። ይህን ማወቄ የጠቀመኝን እስካሁን አላገኘሁትም።

አንድ ነገር ግን ጎድሎኛል። ጓደኛዬ ሲጎሽመኝ ዓይኔ አባቷ ላይ ነበር፤ የእሷን ፊት አላየሁም። እዚያ የነበራችሁ፣ «እሱ ሌላ ነው» ስል ምን አደረገች? አንገቷን ደፋች? ወይስ «አዎ በል» በሚል ዓይን ታየኝ ነበር? የምታስታውሱትን ጨምሩልኝ። ለእኔ አዝናችሁ ግን አታሳምሩት።