ከባህር ዛፉ ላይ የመጣ ሳል

ትናንት ጠዋት ባህር ዛፍ ሳለብኝ። አዎ፣ ዛፉ። እስቲ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ።

የምሠራበት ቁማር ቤት፣ ካዚኖው፣ በኮሮና ምክንያት ካሰናበተኝ ወዲህ በፎቶ እንዳበድኩ የምትከታተሉኝ ታውቃላችሁ። ያውም በአውስትራሊያ ነገር። እዚያ ድረስ የምሄድበት አቅም የለኝም፣ ግን እዚህ ላስ ቬጋስ ውስጥ ከዚያ የመጣ ስንት ነገር እንዳለ ብታዩ! ያ የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የሚመስለው ቀይ አበባ በየፓርኪንጉ አለ። የኛው ባህር ዛፍም ዘሩ ከዚያው ነው። ወፎቹን ግን ማግኘት የሚቻለው ከሰው ቤት ካመለጡ ብቻ ነው።

ሰሞኑን አንድ ተከታታዬ ሲልቬራዶ ራንች የሚባለው ሰፈር አካባቢ ነጭ ኮካቱ አየሁ ብሎ ጻፈልኝ። ኮካቱ ማለት ቢጫ ጉትዬ ያላት የአውስትራሊያ በቀቀን ናት። ሙቀቱ ሳይበረታ ካሜራዬን አንጠልጥዬ ሄድኩ። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ማስኬን አገጬ ላይ አውርጄ፣ ትልቅ ባህር ዛፍ ሥር ቆሜ ሌንሴን ወደ ላይ አነጣጠርኩ።

«ኡህ! ኡህ! ኡሁሁ!»

ማስኬን እንዴት እንደመለስኩት አላውቅም። ደረቅ፣ ከሆድ የሚወጣ የትልቅ ሰው ሳል ነው። ዞር ዞር ብዬ አየሁ... ማንም የለም። ከዚያ እዛፉ ላይ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ በአሮጊት ድምፅ...

«ደህና ነኝ ልጄ! እግዚአብሔር ይመስገን!»

በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ዛፍ በአማርኛ ቢያናግራችሁ ምን ትላላችሁ? እኔማ ደንግጬ «ይመስገን» ብዬ መለስኩለት!

ቅጠሉ ሲንኮሻኮሽ ቢጫ ጉትዬ ብቅ አለ። ኮካቱዋ ናት። ቁልቁል አየችኝና ሳለች፣ ሳለች፣ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ሲር ሲር አለች። ከዚያ «ደህና ነኝ ልጄ!»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን አፌ ላይ ደረቀ። በቀቀን ደጋግሞ የሰማውን ነው የሚለው። ሰዉ እንደ ቅጠል በሚረግፍበት በዚህ ሰሞን፣ እንዲህ እየሳለ፣ ምናልባትም በስልክ፣ ለልጁ «ደህና ነኝ» የሚል የኛ ሰው እዚህ ሰፈር አለ ማለት ነው።

ወፏ በረረችና አንድ የግንብ አጥር ላይ አረፈች። ተከተልኳት። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። በሽታውን ፈራሁ። ደግሞ ጥቁር ሴት ረጅም ሌንስ ይዛ የሰው ጓሮ ስታጮልቅ እዚህ አገር ምን ሊደርስባት እንደሚችል አውቃለሁ። ቢሆንም ድንጋይ ላይ ቆሜ አሻግሬ አየሁ።

የወፏ ኬጅ፣ የሽቦ ቤቷ፣ ተከፍቶ ባዶውን ቆሟል። አጠገቡ ወንበር ላይ፣ በዚያ ሙቀት ጋቢ የተከናነቡ እናት አሉ። አንገታቸው ወደ ጎን ወድቋል።

«እማማ! ይሰሙኛል? እንዴት ነዎት?»

ዓይናቸውን በግድ ገለጡ። ከንፈራቸው ጠቁሯል።

«ደህና ነኝ... ልጄ። እግዚአብሔር...»

ወፏ የምትጨርሰውን እሳቸው መጨረስ አቃታቸው። በጎን በር ገብቼ 911 ደውዬ አምቡላንስ ጠራሁ። ልጠጋቸው ስል እጃቸውን አወናጨፉብኝ።

«አትቅረቢኝ... ይይዝሻል።»

ልሮጥ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ጥዬ የት እሄዳለሁ? ራቅ ብዬ ቁጭ አልኩና እያለቀስኩ አወራኋቸው። አምቡላንሱ ደርሶ ሲያነሷቸው ስልካቸውን አስጨበጡኝ።

«ልጄ ሬኖ ከተማ ነው ያለው... እንዳትነግሪው። ይደነግጣል።»

አምቡላንሱ ገና ከመታጠፊያው ሳይደርስ ስልኩ ጮኸና አነሳሁት። «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?» ይላል አንድ ወጣት ድምፅ። አምላኬን! አፌ «ደህና ናቸው» ሊል ነበር። እንዲህ ነው ያደግነው መቼም። ምላሴን ነክሼ እውነቱን ነገርኩት።

«ትናንት ማታ እኮ ደህና ነኝ ብላኛለች!» እያለ አለቀሰ።

ልጃቸው ዛሬ ደወለልኝ። ኦክስጅን ላይ ናቸው፣ ግን መናገር ጀምረዋል። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ አይተርፉም ነበር አሉ ሐኪሞቹ።

ኮካቱዋ ለጊዜው እኔ ዘንድ ናት። ሐበሻ ቤት ኖራ «ደህና ነኝ» ማለቱን ለምዳዋለች... ሳሉን መደበቅ ግን እንኳንም አልለመደች!