ጾሜን የፈታሁበት ሽሮ

የያዙኝ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ከቤቴ ደጃፍ ላይ ነው፤ ጋዜጣ እያነበብኩ። ጦርነቱ ሰሜን ነበር፤ እኔም የተወለድኩት ሰሜን ነው። እዚህ አርባ ዓመት መኖሬን የጠየቀኝ የለም።

የታሰርኩባት፣ አሥራ አንድ ሰው በጎኑ የሚተኛባት ክፍል እርጥብ ስሚንቶ ትሸታለች። እኔ ፊደል የለየሁት ማንም ሳያስተምረኝ፣ ስኳር ከተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ነው። ሲዳምኛም ገበያ ውዬ በአንድ ክረምት ለምጃለሁ። የክፍሉን ሰው ሁሉ ማመልከቻ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አጠገቤ የሚተኛው የመናኸሪያ ልብስ ሰፊ፣ እሱም እንደኔ የሰሜን ሰው፣ ስሙን እንኳ አጣሞ ነው የሚጽፈው።

ግን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የሚጠራው እሱ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጁ ምሳ ይዛ ትመጣለች። ስንቅ ያመጣ ሰው ጠባቂው ፊት መቅመስ አለበት። በፍርግርጉ አያታለሁ፤ ከሽሮው ትቀምስና «አባዬ፣ ጨው በዝቷል» ትላለች። ለእኔ የሚቀምስልኝ አልነበረም። አባቷ «ጋሼ፣ ይቅረቡ» ሲለኝ «ጾም ነኝ» እላለሁ።

«ሽሮ እኮ የጾም ነው።»

«የእኔ ጾም ምሳ አያውቅም።»

ውሸቴን ነው። ከእሱ ሳህን መጉረስ አንጀቴን ያሳርረው ነበር።

አንድ ቀን ልጅቷ አልቀምስም አለች።

«ለማርያም ተስያለሁ። አባዬ እስኪፈታ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም።»

ጠባቂው ያደገበት የፕሮቴስታንት ቤት ስለት አያውቅም። «ምን ጨምረሽበት ነው?» አላት።

«ትምህርት ቤትም እንደዚህ አሉኝ» አለች። ለዘማቾች በሶ ሲዋጣ፣ የሰላይ ልጅ በሶ ማን ይበላል ብለው የእሷን መልሰውባታል።

«ይዘሽው ተመለሺ። ሁለተኛም እንዳትመጪ።»

አላለቀሰችም። ሳህኑን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘች። አባቷ ሊናገር ሲል «አንተ ዝም በል» ተባለ።

እኔ ጠባቂውን በሲዳምኛ ጠራሁት። «ወዲህ አምጣው፤ እኔ እቀምስላታለሁ።»

«አባባ፣ እርስዎ ጾም ነኝ ሲሉ አልነበር?»

«ፈታሁ።»

ሁሉም እያየኝ ሦስት ጊዜ ጎረስኩ።

«ጨው በዝቷል» አልኳት። ሳቀች። ሳህኑ ገባ፤ በማግስቱም መጣች።

ከአሥራ አንዱ ሰው አፉን የከፈተ ሌላ አልነበረም። ይህን ዛሬም ለሚሰማኝ ሁሉ እናገራለሁ።

አሁን ሁላችንም ተፈትተናል። ቁልፍ ላስተክል እያልኩ ልብስ ሰፊው ሱቅ እሄዳለሁ፤ ቁልፉን ራሴ በጥሼ የሄድኩበትም ቀን አለ። ልጅቷ በቁመት በልጣኛለች። ምሳ ስታመጣ መጀመሪያ ወደ እኔ ትመጣና «ጋሼ፣ ይቅመሱልኝ» ትላለች። እቀምሳለሁ። ከዚያ ሄዳ አባቷ አጠገብ ትቀመጣለች።

«ጨው በዝቷል» እላለሁ፤ ባይበዛም።