የእርማቱ ማያያዣ

ጋዜጣ ቤታችን ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ምላጭ» ነው የምንላት። የድረ ገጹን ሶፍትዌር የምትሠራ እሳት የላሰች ባለሙያ ናት፤ ትርፍ ነገር ካየች እጇ አያርፍም። ጠረጴዛዋ ላይ ከኮምፒውተሯና ከውሃ ኮዳዋ በቀር ምንም የለም። እኔ ጎኗ በወረቀት ክምር ውስጥ ስዳክር «አንተ እኮ ቆሻሻ ገንዳ ላይ ነው የምትሠራው» ትለኛለች።

ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። እሱ ግምጃ ቤት ሲሠራ ዕቃ ጠፋና በእኛው ጋዜጣ ሌባ ብለን ስሙንና ፎቶውን አወጣን። ሌባው ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሌባ ስንል በትልልቁ ነበር፤ ስናርም ግን አንሾካሾክን። ደግነቱ ድረ ገጹ ላይ እርማቱ ከዜናው ራስጌ አይጠፋም ነበር። ስሙን የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሚያነበው «ይህ ዜና ስሕተት ነው» የሚለውን ነው። ሰውዬው ሥራ ሲጠይቅ ቀና ብሎ የሚሄደው በዚያች መስመር ነበር።

ከዚያ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣና የድረ ገጹን ሥርዓት አቅልሉልኝ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ማቅለል ያስፈልገው ነበር። ዜና ለብቻው፣ ቃለ ምልልስ ለብቻው፣ ማስታወቂያ ለብቻው፣ እርማት ለብቻው፤ አንድ ፎቶ ለመለወጥ ፍዳችንን እናይ ነበር። ምላጭ ሁሉንም ወደ አንድ ጠቀለለችው፦ «ጽሑፍ»። የሚሞሉት ሳጥኖች ርዕስ፣ ሐተታ፣ ቀን፣ ጸሐፊ፤ አለቀ።

የትኛው ሳጥን ይኑር፣ የትኛው ይጥፋ የምትለው እንደ ሙያ ጓደኞቿ ነው፤ ምን ያህል እንደተሞላ ማሽኑን ትጠይቃለች፣ ስለ ማን እንደተሞላ ግን አትጠይቅም። እርማትን ከሚያርመው ዜና ጋር የሚያያይዘው ሳጥን ከሞላ ጎደል ባዶ ነበር፤ ሪፖርተሮቻችን ሰነፎች ናቸው፣ አይሞሉትም።

ዕቅዷን ባቀረበችበት ስብሰባ ላይ እጁን ያወጣው ሽማግሌው አራሚ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ይቺን ማያያዣ እንኳ ተያት።»

«አባባ፣ እርማቱ እኮ አይጠፋም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይሆናል። ለጥቂት ሰው ብለን ሥርዓቱን አናወሳስብ» አለችው።

አጨበጨብንላት። ያ ጭብጨባ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አንድ ከሰዓት ወንድሟ ቢሯችን ድረስ መጣ። አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ሊቀጥረው ተስማምቶ፣ በኋላ ሐሳቡን ለውጦ ነበር። በሩ ላይ እንደቆመ፣

«እቱ፣ እንደገና ሌባ ሆንኩ እንዴ?» አላት።

ስሙን ፈለገችው። ዜናው ከነፎቶው ብቻውን ቁጭ ብሏል። እርማቱ ዜናው ውስጥ የተጻፈ ይመስላት ነበር፤ ለካ ከላይ የሚያመጣው እሷ የሰረዘችው ማያያዣ ኖሯል። የሌሎቹም እንደዚያው፤ የትኛው እርማት የየትኛው ዜና እንደነበር የሚናገር ነገር አልቀረም።

ማያያዣው ይመለስ ልትል ሥራ አስኪያጁ ጋ በረረች። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ የመለሰላት የራሷን ቃል ነው።

«ለጥቂት ሰው ብለን አናወሳስብ ያልሽው አንቺ አይደለሽ? የወንድምሽን በእጅሽ ጻፊለት።»

ተመልሳ መጣችና እንባዋን እየጠረገች ዜናው ራስጌ ላይ «ይህ ዜና ስሕተት ነው» ብላ ጻፈች። ወንድሟ ከኋላዋ ቆሞ አነበበው። ፋብሪካው በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ቀጥሯል።

«ተስተካከለ፣ ወንድም ጋሼ» አለችው።

«የኔማ ተስተካከለ» አላት። «እዚህ ቤት እህት የሌላቸውስ?»